መርዶ በአፋፍ በር

በሁለት ሺህ ሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ግንቦት አጋማሽ ላይ፣ ማክሰኞ ጠዋት በአፋፍ በር የነበርነው እነዚህ ነን፦ እናቴ ወይዘሮ ማንያህልሻል፤ የመውለጃዋ ቀን የደረሰው እህቴ ተናኘ፤ የጀውሃ ዕድራችን ዳኛ ጋሽ ሽዋንግዛው፤ ቆሎ ነጋዴዋ ወይዘሮ ሙሉእመቤት፤ አቶ ጥጋቡ የሚባል ግንበኛ፤ በአንድ አውቶቡስ የተሳፈሩ ሌሎች ለቀስተኞች፤ የበሩ ተቆጣጣሪ ኪሩቤል፤ እና እኔ፣ ሰጥአርጌ። ሾፌሩም ነበር፤ ግን ከመሪው አልተነሳም።

የሆነውን እንደሆነው እጽፋለሁ።

ትምህርት ቤት ሳለን አገራችን አምስት ዓይነት የአየር ንብረት አላት ብለን በዜማ ተምረናል፤ ውርጭ፣ ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ፣ በረሃ። መታወቂያ ላይ ያሉት ግን ሁለት ብቻ ናቸው፤ ላይ እና ታች። ዳሎል ሰው የለም። ሁመራ ሰሊጡን የሚያጭዱት ማሽኖች ናቸው፤ የሚጠግናቸው ሰው እንኳን የሚሄደው በክረምት ነው። ጎዴና ጋምቤላ ቀን ተቆልፈው ውለው ሲመሽ ይከፈታሉ። መንዝ ላይ፣ ጉና ላይ፣ ባሌ ተራራ ላይ ግን ሰው እንደ ድሮው ካፖርት ይለብሳል ይባላል። እኔ አላየሁም። ሙቀቱ ተራራውን ሲወጣ መስመሩም አብሮት ወጣ። ደብረ ሲና በአያቴ ዘመን ሰው ጋቢ ደርቦ የሚሄድባት ከተማ ነበረች፤ አሁን ታች ናት። ከሷ በላይ አፋፍ በር አለ። ከአፋፍ በር ወዲያ ላይ ነው።

እኛ ጀውሃ የምንኖረው በቃጠሎ ወራት በጥላ ቤት ውስጥ ነው። ጥላ ቤት ከመሬት በታች የተቆፈረ የቀበሌ አዳራሽ ነው። ፀሐይ ስትወጣ እንገባለን፤ ስትጠልቅ ወጥተን ማሾ እናርማለን። የምናርመው በግንባራችን ላይ መብራት አስረን ነው። አንገታችን ላይ እርጥብ ጨርቅ እንጠመጥማለን፤ ሲደርቅ እንነክረዋለን። ሕፃናት ይህን ጨርቅ ከእናታቸው ስም በፊት ይለምዱታል። ባለፈው ዓመት በዚሁ ወር የጥላ ቤቱ ማቀዝቀዣ ቆመ። የተናኘ የመጀመሪያ ልጅ ያን ቀን ሞተች። ክርስትና አልተነሳችም ነበር፤ ስም አልነበራትም።

ሕጉ እንዲህ ነው፦ ልጅ የተወለደበትን ቦታ መታወቂያ ይይዛል። ላይ የተወለደ ልጅ ላይ ነው። እናቱም ጡት እስኪጥል አብራው ላይ ትቀመጣለች። ስለዚህ ታች ያለች ነፍሰ ጡር ሁሉ የምታስበው አንድ ነገር ነው። ነገር ግን በአፋፍ በር የሚያሳልፍ ፈቃድ አንድ ብቻ ነው፤ የለቅሶ ፈቃድ። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ሥራን፣ ሕክምናን፣ ጋብቻን፣ ጠበልን ከልክለው ሲያበቁ ለቅሶ ላይ ሲደርሱ ሳያፍሩ አልቀሩም። ወንድም ወይም እህት፣ ወላጅ ወይም ልጅ፣ ባል ወይም ሚስት ላይ የሞተበት ሰው ለሦስት ቀን ይወጣል። ከቤተሰቡም ሆነ ከዕድሩ ደጋፊ ይዞ መሄድ ይችላል።

የእናቴ ታላቅ እህት፣ ወይዘሮ ጌጤነሽ፣ መስመሩ ሳይሰመር ደብረ ብርሃን ያገባች ናት። እናቴ «እታለም» ነው የምትላት። መቼ እንደተለያዩ እኔ አላስታውስም። በየእሑዱ በስልክ ያወራሉ፤ ያወራሉ ስል ደግሞ አንዷ ሌላዋን ሳታስጨርስ ነው። እታለም ከጥር ጀምሮ ታማ ተኛች።

የተናኘ ሆድ እየገፋ ሲሄድ ስለ አክስታችን የምንጠይቀው ነገር ተለወጠ። በፊት «እንዴት አደረች?» ነበር የምንለው። ኋላ ላይ «ሐኪሙ ምን አለ?» ማለት ጀመርን። ከዚህ አልፎ የተናገረ ሰው አልነበረም። አንድ ቀን ብቻ ተናኘ ጨርቋን እየነከረች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ «ትናንት ተሻላት ሲሉ ደነገጥኩ፣ ሰጥዬ» አለችኝ። «ሕፃን ሳለሁ በጀርባዋ ያዘለችኝ ሴት ናት። ተሻላት ሲሉኝ ደነገጥኩ። ምን ያደረጉን ናቸው?»

ሰዎቹን አላውቃቸውም።

እሑድ አመሻሽ ላይ የእናቴ መታወቂያ በራ። ላይ ሰው ሲሞት ፈቃዱ በዘመድ መታወቂያ ላይ በራሱ ይወጣል። መታወቂያዋን የምይዝላት እኔ ስለሆንኩ ያየሁት እኔ ነኝ። የሟች ስም፣ የጌጤነሽ፣ ከሥር ተጽፏል። እናቴ አጠገቤ ሎሚ እየመረጠች ነበር። መታወቂያውን ኪሴ ከትቼ ወደ ጋሽ ሽዋንግዛው ሮጥኩ።

«ለማን ነገርክ?» አለኝ።

«ለማንም።»

«ደግ አደረግህ። መርዶ ማታ አይነገርም። መንገድ ላይም አይነገርም፤ መንገድ ላይ የተረዳን ሰው ማን ይይዘዋል? እናትህ ደግሞ ልቧ ደካማ ነው። እህቷ ቤት ገብታ፣ ሰው ከቧት፣ የሚይዛት ይዟት ነው የምትረዳው። እስከዚያ ድረስ እታለም ትንሽ አሟታል፤ ይኸው ነው።»

«በምን ፈቃድ ነው የምንወጣው ብትለኝስ?»

«ሕመምተኛ መጠየቂያ ፈቃድ ተጀመረ በላት።»

«ልደውልላት ካለችስ?»

«ሐኪም እንዳትናገር ከልክሏታል።»

«በሩ ላይስ፣ ጋሼ?»

«በሩ ላይ የሚያዩት መታወቂያ ነው። መታወቂያ አፍ የለው።»

ጋሽ ሽዋንግዛው ዕድሜውን ሙሉ ሰው ያረዳ ሰው ነው። ሰው ከሩቅ አገር አምጥቶ፣ በመንገድ እያሳቀ፣ እያበላ፣ ቤቱ ደጃፍ አድርሶ ነው የሚያረዳው። ማንም ሰው በእሱ እጅ መንገድ ላይ ወድቆ አያውቅም። ያለውን አመንኩ።

እናቴ ስለ ፈቃዱ ስትሰማ አለቀሰች። «መቼም መንግሥት አንዳንዴ ልብ ይገዛል» አለች። «ሕመምተኛ ጠያቂን ያሰበ፣ እግዚአብሔር ያስበው።» ሎሚውን በሙሉ በማዳበሪያ ከተተችው።

ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ አውቶቡሱ ጣቢያ ቆሞ ነበር። አፋፍ በር የሚሄደው አውቶቡስ ሁልጊዜ የለቀስተኛ ነው፤ ሌላ ሰው አይሳፈርበትም። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነበር። አቶ ጥጋቡ የሟች ሚስቱን ፎቶግራፍ ደረቱ ላይ ሰክቷል። ሚስቱ ላይ የተወለደች ናት፤ ሲጋቡ መስመሩ አልነበረም፤ ሲሰመር እሷ ወደዚያ፣ እሱ ወደዚህ ቀሩ። ጋሽ ሽዋንግዛው እናቴን ከእኔ ጋር ውጭ አቁሞ ቀድሞ ገባ። እናቴ ራቅ ብላ ከተናኘ ጋር ታወራ ነበር፤ እኔ ግን በተከፈተው በር ድምፁ ይሰማኝ ነበር።

«ወገኖቼ፣ አንዲት እናት ይዤ ልገባ ነው። አልተረዳችም።»

ሌላ ቃል አላስፈለገም። እናቴን ይዤ ስገባ የሁሉም ነጠላ እንደ በዓል ቀን ተስተካክሎ ጥለቱ ወደ ታች ወርዷል። ዓይኑ ያበጠው መነጽር አድርጓል። የአቶ ጥጋቡ ደረት ላይ መርፌው ብቻ ቀርቷል።

«እንደምን አደራችሁ?» አለች እናቴ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እማማ!»

«ምነው እንዲህ አምራችኋል? ወዴት ነው?»

ወይዘሮ ሙሉእመቤት ከኋላ ወንበር፣ «ሠርግ ነዋ!» አለች።

«እሰይ! ለሠርግም ተፈቀደ? የማን ነው?»

«የዚህ» አለችና አቶ ጥጋቡን በአገጯ አሳየች። ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች፤ ያደረገችው የገባት ከተናገረች በኋላ ነው። አቶ ጥጋቡ ግን ከወንበሩ ተነሥቶ ለእናቴ እጅ ነሳ።

«አዎ፣ እማማ። እኔ ነኝ።»

«ልጄ፣ ዕድሜህ ገፋ አላለም እንዴ?»

አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። እሱም ሳቀ። «ዘግይቼ ነው፣ እማማ። መንገዱ ተዘግቶብኝ።»

«ይሁን፤ የአብርሃምና የሣራ ጋብቻ ያድርግላችሁ።»

«አሜን» አለ። ሁሉም «አሜን» አለ። ከዚያ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

እንደዚያ ሆነን ወጣን። ሙሉእመቤት ጭብጨባ አስነሳች፤ ሴቶቹ እልል አሉ። በየመሐሉ ጎንበስ ብላ ለተናኘና ለእኔ በሹክሹክታ ትቀልድ ነበር። «እኔ መቼም በወንድም የታደልኩ ነኝ። አባቴ ከየሚስቱ ወልዶ ሁሉንም ላይ አስገብቷቸዋል። በየዓመቱ የቃጠሎ ወር ሲመጣ አንድ አንድ ይሞቱልኛል። እንደነሱ ያለ ለእህቱ አሳቢ አላየሁም።» ከዚያ ቀጥላ፣ «የዘንድሮው ግን የምወደው ነበር» አለች።

ከደብረ ሲና በላይ ባለው ጠመዝማዛ ላይ ሾፌሩ መስኮት ክፈቱ አለ። ሁሉም የአንገቱን ጨርቅ ፈታ። ያ የአውቶቡሱ ልማድ ነው ይባላል። የሚገባው ነፋስ ምን እንደሚመስል ለመጻፍ ሞክሬ ትቼዋለሁ። ተናኘ ክንዷን ዘርግታ አሳየችኝ። ቆዳዋ ላይ ትናንሽ ነጠብጣብ አብጦ ጸጉሯ ቆሟል።

«ሰጥዬ፣ ምን ሆንኩ? ሽፍታ ነው?»

እኔም አይቼ አላውቅም። ለእናቴ አሳየናት። ክንዷን በሁለት እጇ ይዛ ሳቀች። «ብርድ ነው፣ ልጄ። ሰው ሲበርደው ቆዳው እንዲህ ይሆናል። እኛ ልጆች ሳለን ሁልጊዜ ነበር።» ተናኘ ክንዷን እያየች አብራ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ በመሐል ተቆረጠና የወንበሩን ብረት ጨበጠች። እናቴ አላየችም። እኔ አየሁ።

«መቼ ጀመረሽ?» አልኳት በጆሮዋ።

«ስንነሣ። ዝም በል። በሩን እንለፍ ብቻ።»

አፋፍ በር የተራራ ዋሻ ነው። መንገዱ ወደ ዋሻው አፍ ሲደርስ አስፋልቱ ላይ ቢጫ መስመር ተቀብቷል። ከመስመሩ አጠገብ የመስታወት ቤት አለ። ከዋሻው የሚወጣው አየር ቀዝቃዛ ስለሆነ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ሁሉ ፊታቸውን ወደዚያ አዙረው ይቆማሉ። እዚያ ሲደርሱ ማንም ጀርባውን ለዋሻው አይሰጥም።

ተቆጣጣሪው ወደ አውቶቡሱ ገባ። ልጅ እግር ነው፤ ስሙ ደረቱ ላይ ተጽፏል፤ ሹራብ ለብሷል። በመልካም ትሕትና «እንደምን አደራችሁ» አለ። ከዚያ ነጠላዎቹን አየ።

«ካሜራው ከታችኛው ጠመዝማዛ ጀምሮ እልልታ ይዟል። የጉዞአችሁን ጉዳይ አንድ በአንድ እጠይቃለሁ።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሁላችንም በአንድ ጊዜ የገባን ይመስለኛል። እውነቱን የሚናገር ሰው እናቴን ያረዳታል። ውሸቱን የሚናገር ሰው ፈቃዱን ያጣል። አንዳንዱ ለዚህ ጉዞ ዓመት ሙሉ ሲጠብቅ የኖረ ነው።

መጀመሪያ የደረሰው ሙሉእመቤት ጋ ነው። መታወቂያዋን ተቀብሎ፣ «ጉዳይዎ?» አላት።

እናቴን አየቻት። እናቴ ፈገግ ብላ ታያት ነበር።

«ሠርግ» አለች።

«ፈቃድዎ ሠርግ አይልም።»

«እንግዲህ ሠርግ ነው አልኩህ። ጆሮህንም ብርዱ ነካው?»

መታወቂያዋን በመሣሪያው ነካው። ቀይ በራ። «ይቅርታ፤ ይውረዱ።»

«ልውረድ። ቀድሞም በርዶኛል» ብላ ወረደች።

«እርስዎስ?»

«ሠርግ» አለ አቶ ጥጋቡ።

«የማን?»

«የራሴ።»

ቀይ በራ። ወረደ። ከሱ ቀጥሎ ያለችው ሴት፣ ከሷ ቀጥሎ ያለው ሽማግሌ፣ «ሠርግ»፣ «ሠርግ» እያሉ ወረዱ። አንድም ሰው ሌላ ቃል አልተናገረም። እነዚህ ሰዎች እናቴን ያወቋት የዚያን ዕለት ጠዋት ነው።

እናቴ ተቆጣች። «አንተ ልጅ! ሙሽራ ከመኪና ታወርዳለህ? ያሳደገህ ሰው የለም?»

«ደንብ ነው፣ እናቴ። እርስዎስ ለምን ጉዳይ ነው?»

«እኔ እህቴን ልጠይቅ ነው። ትንሽ አሟታል።»

መታወቂያዋን አየ። እኔ ተነሥቼ ክንዱን ያዝኩት። ከማላውቀው ሰው ጋር መነጋገር አልችልበትም፤ ሱቅ እንኳን የምገዛው ሰው እስኪቀንስ ጠብቄ ነው። ግን ያዝኩት፤ ወደ በሩ ደረጃ ሳብኩት።

«ወንድሜ፣ አልተረዳችም። ቤት ስትደርስ ነው የምትረዳው። ልቧ ደካማ ነው። ሰዎቹም የዋሹት ለሷ ብለው ነው። እባክህ መልስላቸው።»

«ያልተረዳ ሰው ሐዘንተኛ አይደለም» አለኝ፤ ድምፁን እሱም ዝቅ አድርጎ። «ፈቃዱ የሚሰጠው ለሐዘንተኛ ነው።»

ጋሽ ሽዋንግዛው ተከትሎን መጥቷል። «ልጄ፣ የማን ልጅ ነህ?» አለው።

«ምን ያደርግልዎታል?»

«ግድ የለም። እናትህ አባቷ የሞተ ጊዜ እንዴት ተረዳች? ማን ነገራት?»

ኪሩቤል ጥያቄው ያልገባው መሰለ። «መልእክት ደረሳት» አለ።

«ማን አደረሰው?»

«ስልኳ ላይ።»

ጋሽ ሽዋንግዛው ሌላ አልጠየቀውም። ልጁን ያየበት ዓይን ቁጣ አልነበረበትም። ቁጣው ያለው እኔ ዘንድ ነበር።

«እናትየዋ የሞተባቸውን ሰው ስም ከተናገሩ ከደጋፊዎቻቸው ጋር ያልፋሉ» አለ ኪሩቤል። «ካልሆነ አውቶቡሱ ይመለሳል። መናገር የሚከብዳችሁ ከሆነ እኔ አነብላቸዋለሁ። በድምፅ ማጉያ ነው፤ በደንብ ይሰማል።»

«አንተ አታነብም!» አለ ጋሽ ሽዋንግዛው።

ተናኘ ከወንበሯ ሆና እጇን ዘረጋችልኝ። ስቀርብ ጥፍሯ መዳፌ ውስጥ ገባ፤ በሹክሹክታ ተናገረች። «ንገራት፣ ሰጥዬ። ደርሷል። ይኸው ዋሻው፣ ይታየኛል። ንገራትና እንለፍ።» እናቴ ይህን ጊዜ ልጇን አየች፤ ምጥ መሆኑን አወቀች። «እናቴ ማርያም!» ብላ ወገቧን ያዘቻት። «ይኸው ደረስን፣ አይዞሽ። እታለም ቤት ነው የምትወልጂው። እሷ ብትታመምም ቤቷ ሰው አያጣም።»

ወደ ጋሽ ሽዋንግዛው ዞርኩ።

«ማንያህልሻል፣ ትንሽ እንውረድ» አለ ጋሽ ሽዋንግዛው። «ልጅቱም ነፋስ ታግኝ።»

ይዘናቸው ወረድን። ከአውቶቡሱ የተባረሩት ሰዎች ቢጫው መስመር አጠገብ ቆመው ነበር። ጋሽ ሽዋንግዛው ሙሉእመቤትን አያት፤ አንገቱን ነቀነቀ። እሷ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፤ ገለበጠችው፤ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ አዘቅዝቃ ለበሰችው። አጠገቧ ያለችው ቀጠለች። ከዚያ ሌላዋ። አቶ ጥጋቡ ፎቶግራፉን ከኪሱ አውጥቶ ደረቱ ላይ ሰካ።

እናቴ አንድ በአንድ አየቻቸው። «ምነው? ሠርግ አይደለም እንዴ?» አለች። ዞራ ጋሽ ሽዋንግዛውን ስታይ እሱም ጋቢውን አዘቅዝቋል።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ማንያህልሻል።»

«እታለም?» አለች። ስልክ አንሥታ እንደምትጠራት አድርጋ ነበር የጠራቻት። «እታለም?»

ከዚያ በኋላ የሆነው ለቅሶ ነው። እናቴ አስፋልቱ ላይ ወደቀች፤ ሙሉእመቤትና ሌሎች ሴቶች ያዟት። ሁሉም ተቀመጠ። ሁሉም አለቀሰ፤ ሁሉም በየሟቹ። ወይዘሮ ሙሉእመቤት የወንድሟን ስም እየጠራች ደረቷን ስትመታ ሰማሁ። አቶ ጥጋቡ ድምፅ አልነበረውም፤ አፉ ብቻ ይከፈት ነበር። ከኋላ የቆሙት መኪኖች ሰዎች ወርደው ከእኛ ጋር ተቀመጡ፤ ለማን እንደሆነ አልጠየቁም። ከላይ የሚወርድ አንድ መኪና በዋሻው አፍ ቆመ። ውስጡ ያለው ሰው መስኮቱን ዝቅ አድርጎ አየን፤ ሙቀቱ ሲገባበት መልሶ ዘጋው።

ኪሩቤል አላቋረጠንም። መስታወት ቤቱ ገብቶ ቁጭ አለ። ደንቡ ለቅሶ አይቋረጥም ይላል።

ለቅሶው ሲበርድ፣ እናቴ ውኃ ሲሰጣት፣ ከሙሉእመቤት ቆሎ መዝገን ጀመርን። ተናኘ በጎኗ ተኝታ ጨርቅ ነክሳ ነበር። ወደ መስታወቱ ሄድኩ።

«ተረድታለች። ሰምተሃል፤ ስሟንም ጠርታለች። አሁን አሳልፈን። እህቴ ልትወልድ ነው።»

ኪሩቤል የእናቴን መታወቂያ በመሣሪያው ነካው። ጥቂት አነበበ። ፊቱ ላይ ክፋት አላየሁም፤ ይህን መጻፍ አለብኝ።

«ፈቃዱ ተዘግቷል» አለ።

«ምን ማለት ነው?»

«የጉዞው ጉዳይ ለቅሶ ነው። ካሜራው ለቅሶውን ይዞታል። ለቅሶው እዚህ ተፈጽሟል። ጉዳዩ ከተፈጸመ ለመጓዝ ምክንያት የለም። ሥርዓቱ ራሱ ነው የዘጋው፤ እኔ አልነካሁትም።»

«ቀብሩስ? እህቷን አትቀብርም?»

«ቀብሩ ትናንት ተፈጽሟል።»

«እህቴስ?»

«ደጋፊ ናቸው። ደጋፊ ያለ ሐዘንተኛ አያልፍም።»

«መስመሩ ያ ነው!» ብዬ ጮኽኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። «ያ ነው! ስትራመድ ትደርሳለች! ለመሻገር ምን ያህል ቦታ ነው? ወልዳ ትመለስ! እዚያች ጋ ተኝታ ወልዳ ትመለስ! ባለፈው ዓመት የሞተችው ስም እንኳን አልነበራትም! ይገባሃል? ስም አልነበራትም! ተራራው የማን ነው? ብርዱን ማን ሠራው? አባትህ ነው የሠራው?»

«ይገባኛል» አለ።

ድንጋይ አነሣሁ። መስታወቱን መታሁት። አልተሰበረም። ደግሜ መታሁት፤ እጄ ደማ፤ ጭረት እንኳን አልወጣውም። ሁለት ጠባቂዎች ከዋሻው መጥተው ያዙኝ። ኪሩቤል በድምፅ ማጉያው፣ «ልቀቁት፤ በደንቡ ሐዘንተኛ የሚያደርገው ይታለፋል» አለ።

ለድንጋዩ ሐዘንተኛ ነበርኩ። ለመንገዱ አይደለሁም።

ተናኘ ያን ጊዜ ተነሥታ ነበር። ማንም አልያዛትም። ወደ ቢጫው መስመር በራሷ እግር ስትሄድ ሴቶቹ መንገድ ለቀቁላት። ጠባቂዎቹ እኔን ትተው ፊቷ ቆሙ። አልገፏትም፤ ዝም ብለው ጎን ለጎን ቆሙ። እሷም አልገፋቻቸውም። ፊት ለፊታቸው ቆማ ከዋሻው የሚወጣውን ነፋስ ተነፈሰች፤ ደግማ ተነፈሰች። እግሯ ሥር አስፋልቱ ረጠበ። ሙሉእመቤት ሮጣ ከኋላ አቀፈቻት። «ነይ፣ የኔ ልጅ» አለቻት። «ነይ። እነዚህ ፊት አትወልጂም።»

አውቶቡሱ ዞረ። ሁላችንም ተሳፈርን፤ የማንም ፈቃድ አልተመለሰም። እናቴ ሐዘኗን እዚያው አቁማ ልጇን ስታዋልድ ጋሽ ሽዋንግዛው ከፊት ወንበር ተቀምጦ ነበር። አቀርቅሮ መዳፉን ያይ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ፣ «እኔ ነኝ ያልኩህ፤ መታወቂያ አፍ የለውም ብዬ» አለኝ። ጥፋቱ የሱ አልነበረም፤ ግን ይህን አልነገርኩትም፤ ቁጣዬ ገና አልወጣልኝም ነበር።

ተናኘ ወንድ ልጅ ወለደች። የተወለደው ከደብረ ሲና በታች ነው። ጀውሃ ስንደርስ ታች ተብሎ ተመዘገበ።

በሰኔ ወር ደንቡ ተሻሻለ። ሐዘንተኛ ከመሳፈሩ በፊት መረዳቱ በመንግሥት ሠራተኛ መረጋገጥ አለበት ተባለ። ጀውሃ አውቶቡስ ጣቢያ ከቲኬት መሸጫው ጎን መስኮት ተከፈተ። የሟች ስም በመስኮቱ በኩል ይነበባል፤ ተረጂው በጣቱ አሻራ ይፈርማል። መስኮቱ ላይ የሚቀመጥ፣ አጥርቶ የሚያነብ ሰው ተፈለገ። ለሠራተኛው ቤተሰብ የራሱ ማቀዝቀዣ ያለው ክፍል ይሰጣል። ተናኘና ልጇ አሁን የሚተኙት እዚያ ነው። እኔ ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ነው።